ምኑ ይቅር፣ ምኑ ይውጣ? ከአንጎል ምስል ሲግናል ስለማውጣት የጠየቃችሁን

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን። በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በጊዜ ሂደት የሚቀርጽ ኤምአርአይ) ዳታ አላችሁ፣ ስታቲስቲክሱን ሠርታችሁ ጨርሳችኋል፣ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደተነቃቃም አይታችኋል። አሁን ከዚያ ቦታ ሲግናሉን በጊዜ ቅደም ተከተሉ አውጥታችሁ ለሌላ ትንተና ልታውሉት ነው። ይህ ደረጃ በጽሑፍ ሲዘገብ ሁለት መስመር አይሞላም። ከዚያ የሚከተለው የአንጎል ክፍሎች የግንኙነት ትንተና በሙሉ የሚቆመው ግን በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ በኤስፒኤም (የአንጎል ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር) ከአንድ የአንጎል ክፍል ታይም ሲሪስ፣ ማለትም ሲግናሉን በጊዜ ቅደም ተከተል፣ እያወጣሁ ነው። ሶፍትዌሩ «ዳታው በምን ይስተካከል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ምርጫዎቹ «አታስተካክል»፣ «በሁሉም ነገር አስተካክል» እና የሠራኋቸው የኤፍ ኮንትራስቶች (ከሞዴሉ ዓምዶች የሚፈተኑትን የሚመርጡ የቁጥር ረድፎች) ናቸው። ንጹሕ ዳታ ስለምፈልግ «በሁሉም ነገር» የሚለውን መረጥኩ። ዲሲኤም (አንዱ የአንጎል ክፍል ሌላውን እንዴት እንደሚነካ የሚገምት ሞዴል) ስሠራበት ግን ሞዴሉ ከዳታው ምንም ማለት ይቻላል አላብራራም። የት ላይ ነው የተበላሸው? (የማስተርስ ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከዳታሽ የወጣው የጭንቅላት እንቅስቃሴው ብቻ አይደለም። ሙከራሽም አብሮ ወጥቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤስፒኤም የእያንዳንዱን ቮክሰል (የምስሉን ትንሽ ኩብ) ሲግናል በዲዛይን ማትሪክስሽ (ሲግናሉን ያመጣሉ ያልሻቸውን ነገሮች በዓምድ የያዘው ሠንጠረዥ) ውስጥ ላሉት ዓምዶች ያከፋፍለዋል። ይሄ ከምስሉ የመጣ ነው፣ ይሄ ከድምፁ፣ ይሄ ከጭንቅላት እንቅስቃሴው፣ ይሄ ደግሞ ቋሚው መጠን ነው ይላል። ለየትኛውም ዓምድ ያልደረሰው ቀሪ ስህተት ይባላል። «በሁሉም ነገር አስተካክል» ስትይው ዓምዶቹ ሁሉ የወሰዱትን ድርሻ ይቀንስልሻል፤ በእጅሽ የሚተርፈው ቀሪ ስህተቱ ብቻ ነው። ዲሲኤም የሚሠራው ደግሞ ሙከራው በአንጎል ክፍሎች መካከል ያስነሳውን ነገር ማብራራት ነው። የሚያብራራው ነገር አስቀድሞ ከወጣ ምን ይዞ ይሥራ?

አሁን ዋናው ነገር። የኤፍ ኮንትራስቱ የሚነግረው ምን እንደሚቀር ነው። ምን እንደሚወጣ አይደለም። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም «በዚህ አስተካክል» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «ይህንን አውጣ» ነው። አንዳንዱ የእንቅስቃሴውን ተጽዕኖ ላውጣ ብሎ በእንቅስቃሴው ዓምዶች ላይ 1 የጻፈ ኤፍ ኮንትራስት ይሠራና ያንን ይመርጣል። የሚያገኘው የተገላቢጦሹን ነው፦ እንቅስቃሴው ይቀራል፣ ሙከራው ይወጣል። ኤፍ ኮንትራስቱን በር ላይ እንደተያዘ የእንግዶች ዝርዝር አስቢው። ስሙ የተጻፈ ይገባል፣ ያልተጻፈ ውጭ ይቀራል።

በቁጥር እንየው። ማትሪክስሽ 10 ዓምድ አለው እንበል፦ 3 የሙከራ ሁኔታዎች፣ 6 የእንቅስቃሴ ሪግረሰሮች፣ ማለትም የጭንቅላት እንቅስቃሴ ዓምዶች (ሦስቱ መንሸራተት፣ ሦስቱ መዞር)፣ 1 ቋሚ። የሚያስፈልግሽ ኤፍ ኮንትራስት ሦስት ረድፍ አለው። በመጀመሪያው ረድፍ 1 0 0፣ በሁለተኛው 0 1 0፣ በሦስተኛው 0 0 1 ትጽፊያለሽ። የቀሩትን ሰባት ዓምዶች ኤስፒኤም ራሱ በዜሮ ይሞላቸዋል። ይህን መርጠሽ ስታወጪ ሦስቱ ሁኔታዎች ያስነሱት ሲግናልና ቀሪ ስህተቱ ይተርፋሉ፤ እንቅስቃሴውና ቋሚው ይወጣሉ። ቀሪ ስህተቱ ለምን ተረፈ ብለሽ አትጨነቂ፣ መትረፍ አለበት። ቀጣዩ ሞዴል የዳታውን ኖይዝ የሚገምተው ከእሱ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ የታይም ዴሪቬቲቭ (የምላሹን መቅደም ወይም መዘግየት የሚይዝ) ወይም ፓራሜትሪክ ሞዱሌተር (ምላሹ ከአንድ መጠን ጋር እንዴት እንደሚቀየር የሚይዝ) ዓምዶች ካሉሽ እነሱም እንዲቀሩ የምትፈልጊ ከሆነ የየራሳቸው ረድፍ ይፈልጋሉ። ከረሳሻቸው ከኖይዙ ጋር አብረው ይጠረጋሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። አንዳንዱ ተመራማሪ ለውጤቱ የተጠቀመበትን «አንደኛው ሲቀነስ ሁለተኛው» የሚለውን ንጽጽር፣ ማለትም 1 -1 0 የሚለውን፣ እንዳለ ወደ ኤፍ ቀይሮ ለማስተካከያ ይጠቀምበታል። ያኔ የሚቀረው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው። ሁለቱም በጋራ ያስነሱት ምላሽ፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ እሱ ነው፣ ይወጣል። ንጽጽሩ ቦታ ለመምረጥ ይሁን። ለማስተካከል ግን ሁሉንም ሁኔታዎች የያዘውን ኤፍ ተጠቀሚ።

ባች (ሥራውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ የማስኬጃውን መንገድ) የምትጠቀሚ ከሆነ ኮንትራስቱ የሚገባው በተራ ቁጥሩ ነው። 0 ከጻፍሽ አያስተካክልም። ናን (NaN) ከጻፍሽ በሁሉም ነገር ያስተካክላል። እዚህ ላይ የምለምንሽ፣ በሁሉም ተሳታፊዎች ላይ 1 ብለሽ ከማለፍሽ በፊት የእያንዳንዱ ሰው አንደኛ ኮንትራስት በእርግጥ ያ ኤፍ መሆኑን በስሙ አረጋግጪ። በአንድ ሰው ላይ ኮንትራስቶቹ በሌላ ቅደም ተከተል ተሠርተው ከሆነ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው።

«አታስተካክል» የሚለውስ? እሱም ቢሆን ጥሬውን ዳታ አይሰጥሽም። ፊልተሩና ዋይትኒንጉ (ተከታታይ ምስሎች በኖይዝ የሚመሳሰሉትን የሚያስወግደው ደረጃ) በየትኛውም ምርጫ ይሠራሉ። ከሲግናሉ ቀርፋፋ መንሸራተት ጋር የተያያዘው፣ በተለመደው አሠራር ከ128 ሰከንድ በላይ የሚዘልቀው ዑደት፣ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። እንቅስቃሴው ግን አለ። በነገራችን ላይ ተሳታፊሽ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ከሆነ ማስተካከያውም ሙሉ መድኃኒት አይሆንም። ሁለቱ አብረው ከሄዱ የጋራው ድርሻ የማን እንደሆነ የትኛውም ሂሳብ ለይቶ አይነግርሽም። ይህ የሚፈታው ሙከራው ሲነደፍ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ ቦታ ሲግናል ሳወጣ አማካዩን ልውሰድ ወይስ ኤስፒኤም የሚሰጠውን የመጀመሪያ አይገንቬሪየት? ደግሞ ያወጣሁት ሲግናል በዜሮ ዙሪያ ይወዛወዛል፣ ግማሹ ኔጋቲቭ ነው። የኤምአርአይ ምስል ግን ኔጋቲቭ ቁጥር የለውም። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ቋሚው ዓምድ በኤፍ ኮንትራስትህ ውስጥ ስለሌለ የሲግናሉ አማካይ ከፍታ አብሮ ወጥቷል፣ ስለዚህ ዜሮ ላይ ወርዶ ይወዛወዛል። ዋይትኒንጉም የሞገዱን መልክ ትንሽ ይቀይረዋል። ከጥሬው ዳታ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ «አንድ አይደሉም» ብለህ አትደንግጥ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመጣ፣ የመረጥከው ቦታ ውስጥ ያሉት ቮክሰሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምላሽ ካላቸው ሁለቱ ያው ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ቦታው ውስጥ የተለያየ ነገር ሲኖር ነው። ግማሾቹ ቮክሰሎች ሲወጡ ግማሾቹ የሚወርዱ ከሆነ አማካዩ እርስ በርስ ያጠፋፋቸውና ምንም እንዳልተከሰተ ያሳይሃል። አይገንቬሪየቱ ግን ከቮክሰሎቹ መካከል አብዛኛውን ልዩነት የሚያብራራውን አንድ የጋራ የጊዜ ሞገድ ይፈልጋል። በዚያ ሞገድ ጎልተው የሚሳተፉት የበለጠ ክብደት ያገኛሉ፣ በተቃራኒው የሚሄዱት ደግሞ ኔጋቲቭ ክብደት። እኔ አይገንቬሪየቱን እመርጣለሁ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ስንት በመቶ ቫሪያንስ እንዳብራራ አይተህ። ኤስፒኤም ከግራፉ ጋር ያወጣዋል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ያ ቦታ አንድ ነገር እየሠራ አይደለም። ወይ አሳንሰው፣ ወይ ከፋፍለው።

የፕላስና የማይነሱን ነገር ደግሞ እወቀው። የዚህ ዓይነቱ ሂሳብ አቅጣጫ የለውም፤ ሞገዱ ቢገለበጥም ትክክል ነው። ኤስፒኤም የቮክሰሎቹ ክብደት ድምር ፖዘቲቭ እንዲሆን አድርጎ ያስተካክለዋል። በሌላ ሶፍትዌር ወይም በራስህ ኮድ የምትሠራው ከሆነ ግን ይህን ራስህ ማድረግ አለብህ። አለዚያ ከተሳታፊዎችህ የጥቂቶቹ ሲግናል ተገልብጦ ይገባና የቡድኑ ውጤት ያለ ምክንያት ይደክማል።

ጥያቄ፦ ከተሳታፊዎቼ አንዱ በምፈልገው ቦታ ላይ ከስታቲስቲክስ ወሰኑ (ትሬሽሆልዱ) ያለፈ አንድም ቮክሰል የለውም። ልጣለው?

መልስ፦ አትቸኩል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለው ወሰን ለማስረጃ የቆመ አይደለም። ማስረጃውን በቡድን ደረጃ አቅርበሃል። አሁን የምትፈልገው ከዚያ ሰው አንጎል ውስጥ ለሙከራው ይበልጥ የሚመልሱትን ቮክሰሎች መለየት ብቻ ነው። ለዚህ ብዙዎች ያለ ማረሚያ፣ ማለትም የፈተናዎቹን ብዛት ሳያርሙ፣ የፒ ዋጋ 0.05 ይጠቀማሉ። ያም ካልሠራ ቀስ በቀስ አላላው። ያም ካልሆነ የቡድኑን ከፍተኛ ነጥብ ወስደህ ከዚያ ሲግናሉን አውጣ። አንድን ሰው ምላሹ ደካማ ስለሆነ ብቻ ከጣልከው፣ የቀሩት ሁሉ ጠንካራ መላሾች ይሆኑና ስለ ሰው ልጅ ሳይሆን ስለመረጥካቸው ሰዎች ታወራለህ። ሰውየው በርግጥ የዚያ ቦታ ሲግናል ከሌለው፣ ማለትም ምስሉ ራሱ እዚያ ላይ ከጠፋ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። ከዓይን በላይ ያለው የፊት ለፊቱ የታችኛው ክፍልና የጎን ሎቡ ጫፍ ለአየር ቅርብ ስለሆኑ ይህ ያጠቃቸዋል። የምስሉን ማስክ (ትንተናው ውስጥ የገቡትን ቮክሰሎች የሚያሳየውን ካርታ) ከፍተህ በዓይንህ እይ።

የእያንዳንዱን ሰው ነጥብ ስትፈልግ ከቡድኑ ነጥብ ስንት ሚሊሜትር ድረስ መራቅ እንደሚቻል አስቀድመህ ወስን፣ ከዚያ የአናቶሚ ድንበሩን እንዳያልፍ ጠብቅ። በነጥቡ ዙሪያ ሲግናሉን የምታወጣበትን ክብ (ሉል) መጠን በተመለከተ ደግሞ የሚጠየቀው ቁጥር ራዲየስ እንጂ ዲያሜትር አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰልህ። ራዲየሱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ክብ 3 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ቮክሰሎች ወደ 79 ቮክሰል ይይዛል። ራዲየሱ 4 ከሆነ ግን ወደ 10 ብቻ።

ጥያቄ፦ የምሠራው በእረፍት ጊዜ ዳታ ላይ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ምንም ሳይሠሩ ነው የተቀረጹት። ታዲያ እኔ ምኑን ነው የማስተካክለው? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። መጀመሪያ ፊልተር ወይስ መጀመሪያ ሪግረሽን (ያልተፈለጉ ሲግናሎችን መቀነስ)? ግሎባል ሲግናሉስ (የጠቅላላው አንጎል አማካይ ሲግናል) ይውጣ?

መልስ፦ በዚህ ላይ ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ቢነግርህ አይገርምም፣ ጉዳዩ ራሱ አከራካሪ ነው። በ1995 ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ በእረፍት ላይ ባሉ ሰዎች የግራና የቀኝ የእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ሲግናል አብሮ እንደሚወዛወዝ ካሳዩ ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። ከአንተ የሚጠበቀው ግን ግልጽ ነው።

የሙከራ ዓምድ ስለሌለህ እዚህ የምትፈልገው ቀሪ ስህተቱን ራሱን ነው። ከላይ እህታችንን የጎዳት ምርጫ ለአንተ ትክክለኛው ነው ማለት ነው። ታዲያ ጥያቄው ምን ታስገባለህ የሚለው ይሆናል። የተለመዱት የእንቅስቃሴው ሪግረሰሮች፣ ከነጩ የአንጎል ክፍልና ከአንጎል ፈሳሹ የተወሰዱ ሲግናሎች ናቸው። እነዚህን ስትወስድ ማስኩን ከዳር ዳሩ ሸርሽረው። ካልሸረሸርከው ከግራጫው ክፍል የፈሰሰ ሲግናል ይገባና ልታጠናው የመጣኸውን ነገር በገዛ እጅህ ትቀንሳለህ።

ቅደም ተከተሉ በጣም ያስጨንቀኛል፣ ምክንያቱም ስህተቱ በዓይን አይታይም። መጀመሪያ ዳታውን ከ0.01 እስከ 0.1 ኸርዝ ፊልተር አድርገህ ከዚያ ፊልተር ያልተደረገውን የእንቅስቃሴ ሪግረሰር ብትቀንስበት፣ ያወጣኸው ፈጣን ሞገድ በሪግረሰሩ በኩል ተመልሶ ዳታህ ውስጥ ይገባል። በተቃራኒውም፣ መጀመሪያ ሪግረሽን ቀጥሎ ፊልተር ብታደርግ፣ የጠረግከው እንቅስቃሴ በከፊል ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ሞዴል ውስጥ በአንድ ጊዜ መሥራት ነው። ያ ካልተመቸህ ዳታውንም ሪግረሰሮቹንም በአንድ ዓይነት ፊልተር አሳልፈህ ከዚያ ቀንስ።

ከመጠን በላይ መጥረግም ዋጋ አለው። በየ2 ሰከንዱ 200 ምስል አነሳህ እንበል። ልታየው የምትችለው ከፍተኛው ሞገድ 0.25 ኸርዝ ነው። ከ0.01 እስከ 0.1 ያለውን ብቻ ስታስቀር ከጠቅላላው 36 በመቶ ይቀርሃል፣ ማለትም ከ200 የነፃነት ደረጃ (ነፃ የመረጃ ብዛት) ወደ 72። በዚያ ላይ 24 የእንቅስቃሴ ሪግረሰሮች ስትጨምር 48 ገደማ ላይ ትወርዳለህ። ብዙ የተንቀሳቀሱ ምስሎችን ከቆረጥክ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ኮሪሌሽኖችህን ስትፈትን 200 ነጥብ እንዳለህ አድርገህ ካሰላህ ሁሉም ነገር ጉልህ መስሎ ይወጣል።

ግሎባል ሲግናሉን ማውጣት የትንፋሽንና የእንቅስቃሴን አሻራ በደንብ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሲወጣ የኮሪሌሽኖቹ ስርጭት በሂሳቡ ግዴታ ወደ ዜሮና ወደ ኔጋቲቭ ይገፋል። ስለዚህ ካወጣኸው በኋላ «እነዚህ ሁለት ክፍሎች ተቃራኒ ናቸው» ብለህ ታላቅ ድምዳሜ አትጻፍ። የእኔ ምክር ሁለቱንም ሠርተህ ሁለቱንም እንድታሳይ ነው። ውጤትህ በአንዱ ብቻ የሚታይ ከሆነ አንባቢው ያንን የማወቅ መብት አለው።

ጥያቄ፦ አትላስ (አንጎልን በቁጥር የከፋፈለ ካርታ) ተጠቅሜ ከ100 በላይ ክፍሎች ሲግናል አወጣሁ። አትላሱን ከምስሎቼ ጋር ለማመሳሰል መጠኑን ቀይሬዋለሁ። አሁን በመጀመሪያው አትላስ ውስጥ ያልነበሩ የክፍል ቁጥሮች እያየሁ ነው።

መልስ፦ ኢንተርፖሌሽኑ (መጠኑ ሲቀየር በመካከል የሚወድቁት ቁጥሮች የሚሰሉበት መንገድ) ነው። የአትላስ ቁጥር ስም ነው፣ መጠን አይደለም። 10 ቁጥርና 20 ቁጥር ክፍሎች በሚዋሰኑበት ቦታ ሶፍትዌሩ አማካይ ወስዶ 15 ጻፈ፤ 15 ደግሞ ምናልባት በአንጎል ሌላኛው ጫፍ ያለ ክፍል ነው። ኒረስት ኔበር (የቅርቡን ቮክሰል ቁጥር እንዳለ የሚወስደው) የሚለውን መርጠሽ እንደገና ሥሪው። እግረ መንገድሽን ከምስሎችሽ ጋር ደርበሽ በዓይንሽ እዪው፣ ግራና ቀኙ እንዳልተገለበጠም አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ፣ ተማሪዎቼ ግን ሁልጊዜ በአንድ ነገር ይጣላሉ። አንድን ቦታ በሙከራው ውጤት መርጦ ከዚያው ቦታ ሲግናል ማውጣት በራሱ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው? (የዩኒቨርሲቲ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የተጣሉበት ጉዳይ በ2009 በኒኮላውስ ክሪገስኮርትና ባልደረቦቹ ጽሑፍ ሰፊ መነጋገሪያ የሆነ ነው። መልሱ ከሲግናሉ በኋላ በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ይወሰናል።

ፊትን ከማየትና ቤትን ከማየት መካከል ልዩነት ያሳዩትን ቮክሰሎች መርጦ፣ ከእነዚያው ቮክሰሎች በዚያው ዳታ ሲግናል አውጥቶ፣ በፊትና በቤት መካከል ልዩነት አለ ብሎ መፈተን ክብ ዙሪያ መሄድ ነው። የተመረጡት ልዩነት ስላላቸው ነውና ልዩነት መገኘቱ አይቀርም። ኖይዙም በዚያ አቅጣጫ የረዳቸው ቮክሰሎች ስለሆኑ መጠኑም ተጋኖ ይወጣል። ባር ግራፉ ምንም ያህል ቢያምር አዲስ መረጃ የለውም።

በዲሲኤም ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እነዚህ ክፍሎች ለሙከራው እንደሚመልሱ አስቀድመን አውቀናል፤ የምንጠይቀው ምላሹ ከየት ወደ የት ሄደ የሚለውን ነው። የማይመልስ ቦታ ማስገባት እንዲያውም ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ እዚህ ላይ በሙከራው መምረጥ ተገቢ ነው። ተማሪዎችዎ የምላሹን መጠን ማወዳደር ከፈለጉ ግን ቦታውን በተለየ ዙር በተቀረጸ ዳታ፣ በአትላስ፣ ወይም አንዱን ተሳታፊ ትቶ በቀሩት ላይ በመመሥረት ይምረጡ። የሁኔታዎቹን ድምር ለመምረጫ፣ ልዩነታቸውን ለፈተና መጠቀምም ይቻላል። ያኔ የሁለቱ ሁኔታዎች የሙከራ ብዛት እኩል መሆኑን እንዲያዩ ይንገሯቸው፤ እኩል ካልሆነ ሁለቱ ንጽጽሮች ነፃ መሆናቸው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሴሽን (ሁለት የቀረጻ ዙር) አለኝ። ኤስፒኤም የሚያወጣልኝ ከአንዱ ሴሽን ብቻ ነው። ሁለቱን ሲግናሎች ጫፍና ጫፍ ላጣብቃቸው?

መልስ፦ ከወጡ በኋላ አታጣብቃቸው። መጀመሪያውኑ ምስሎቹን እንደ አንድ ረጅም ሴሽን አድርገህ ሞዴሉን ሥራ፣ ከዚያ ኤስፒኤም ውስጥ ለዚሁ የተሠራውን የማጣመሪያ ፈንክሽን ተጠቀም። ፊልተሩንና ዋይትኒንጉን ለየሴሽኑ ለይቶ ይሠራል፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ቋሚ ዓምድ ያስገባል። የሁለተኛውን ሴሽን የሙከራ ሰዓቶች በመጀመሪያው ሴሽን ርዝመት ልክ መግፋት የአንተ ሥራ ነው፤ መጀመሪያው 300 ምስል በየ2 ሰከንዱ ከሆነ በእያንዳንዱ የሁለተኛ ሴሽን ሰዓት ላይ 600 ሰከንድ ትጨምራለህ። ስትጨርስ ሲግናሉን በግራፍ አውጥተህ መጋጠሚያውን እይ። እዚያ ላይ ደረጃ የመሰለ ዝላይ ካለ የሴሽኖቹ ቋሚ ዓምዶች አልገቡም፣ ወይም ለማስተካከያ የመረጥከው ኤፍ ኮንትራስት እነሱን እንዲቀሩ አድርጓል።